ማርትሬዛና ምኒልክ በአንድ ሚዛን ላይ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ሰማዩ ኮልፌ ላይ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ነገር ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። በሰፈሩ ሁላችንም እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው፤ እዚህም በዚሁ ልጥራቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው አይደል የምትማረው?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው ይሄ ስንት ያወጣል? ንገረኝ።»

ቋጠሮው ተፈታ። አምስት የብር ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ሦስቱ ማርትሬዛ ናቸው፤ ከሦስቱም አንደኛዋ በአንገት እንድትንጠለጠል ጆሮ ተበይዶላታል። አራተኛው የአፄ ምኒልክ ብር ነው። አምስተኛው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሽልንግ። ከእናታቸው ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ነው፤ ይኸው ስንት ዘመን በሙዳይ ተቀምጦ። አሁን ግን የቤታቸው ቆርቆሮ ተበሳስቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ መለወጥ አለበት። አንድ ብር ገዢ ዘንድ ወስደውት ነበር። ሰውየው አምስቱንም በአንድ ሚዛን ላይ አፈሰና መዘነ፤ 119 ግራም ከ2 ነጥብ። «ንጽሕናው 70 ከመቶ ነው፤ ሌላው መዳብ ነው» አላቸው። በዚያ አስልቶ ዋጋ ነገራቸው። እሳቸውም «ልጆቹን ላማክር» ብለው ቋጥረው ተመለሱ።

ለመሆኑ እኔስ ምን መለስኩ? ስለ አፄ ምኒልክ ገንዘብ ፈተና ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ አውቃለሁ። «ስንት ያወጣል?» ሲሉኝ ግን አፌ ተያዘ። «እማማ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ» አልኩ። ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በታች ያለው በእነዚያ ሦስት ቀናትና ከዚያም በኋላ የተገኘው ነው። ነገሩ ከአምስት ሳንቲም ይጀምር እንጂ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው።

፩

ገንዘባችንን ስንጠራ የምንጠራው ማዕድኑን ነው፤ ብር። በ1969 ዓ.ም. የገንዘብ ኖት ሲለወጥ በውጭ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል የነበረው ስም ቀርቶ «ብር» ተባለ። በአማርኛ ግን ያኔም፣ ከዚያ በፊትም ብር ነበር። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ወረቀት ወይም ሌላ ብረት ነው፤ ስሙ ብቻ ከጥንቱ ማዕድን ላይ ቀርቷል።

አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ሲያትም ኖሯል። በብርና በመዳብ ሳንቲሞቹ ላይ እንኳ አንዳንዴ ከንጉሡ ምስል ጀርባ ወርቅ ይለብጥ ነበር። ያ ሁሉ ከ7ኛው መቶ ዓመት በኋላ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሐረር የራሷን መሐለቅ አትማለች፤ ደጋው ግን ከአንድ ሺ ዓመት በላይ የራሱ ሳንቲም አልነበረውም። የሚገበያየው በአሞሌ ጨው፣ በሸማ፣ በብረት፣ ኋላም በጥይት ነበር። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከመውጫው በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ትግራይ ላይ ርካሽ የሆነው አሞሌ ሸዋ ሲደርስ ይከብራል። እንግዲህ ዋጋ በዕቃው ብቻ ሳይሆን በመንገዱም እንደሚወሰን ገበሬው ከማንም መምህር በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አንዲት ሴት በምጽዋ በኩል ወደ ደጋ ወጣች። ኦስትሪያን ከ1740 እስከ 1780 እ.ኤ.አ. የገዛችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። እኛ ማርትሬዛ አልናት፤ ገንዘቡንም ጠገራ ብር። አገሯን ማንም አላየም፤ ቋንቋዋን ማንም አይሰማም። ደረቷን ግን ከጎንደር እስከ ከፋ የማያውቀው አልነበረም።

፪

«እማማ፣ እናትዎ ለምን ማርትሬዛን መረጡ? የምኒልክ ብር አንድ ብቻ፣ የማርትሬዛ ሦስት የሆነው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«ማርትሬዛን ማን እምቢ ይላል?» አሉኝ።

ብዙ ገጽ ካገላበጥኩ በኋላ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ሙሉው የማርትሬዛ ታሪክ እዚህ ቃል ውስጥ አለ። እንዲያው በዝርዝር እንየው።

ማርትሬዛ ሳትነካ 28.07 ግራም ትመዝናለች። ከዚህ ውስጥ 83.3 ከመቶው ብር ነው፤ ይኸውም 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ማለት ነው። ቀሪው መዳብ ነው። በጠርዟ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ጽሑፉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ያለ ጽሑፍ የተሠራን ሳንቲም ሌባ ጠርዙን በሞረድ እየፋቀ ብሩን ሊሰርቅ ይችላል፤ ጠርዙ የተጻፈበትን ግን ቢፍቅ ወዲያው ይታወቅበታል። ገበሬው ላቲን ባያነብም ጠርዙ እንደተነካና እንዳልተነካ በጣቱ ያነብ ነበር። ከዚያ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ 9 ዕንቁ እንዳለው ይቆጥራል። ከደረቷ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። በመጨረሻም ድንጋይ ላይ ይጥላታል፤ ብር ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ያንቋርራል። ያረጀችውን፣ ዕንቁዋ የጠፋባትን እምቢ ይላል። ይህ ሁሉ ያለ መነጽር፣ ያለ አሲድ፣ ያለ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ነው።

ሚዛንም ራሷ ማርትሬዛ ነበረች። ዛሬ ወርቅ የሚለካበት ወቄት የአንዲት ማርትሬዛ ክብደት ነው። ወርቅ የሚሸጠው ሰው በአንዱ የሚዛን ሳህን ላይ ወርቁን፣ በሌላው ላይ ሴትዮዋን ያስቀምጣል። ገንዘብም ናት፣ ድንጋይ ሚዛንም ናት፤ ቀልጣም መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ ትሆናለች። በየቤቱ የምናያቸው የቆዩ የአንገት መስቀሎች ብዙዎቹ ከእሷ የወጡ ናቸው።

ችግሯ ክብደቷ ነው። አንድ ሺ ብር 28 ኪሎ ነው፤ ሦስት ሺው 84 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ በቅሎ ጭነት። ዛሬ ከኮልፌ በታች በአየር ጤና በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ ወደ ቡናው አገር ነው የሚወስደው። ያንን ቡና ለመግዛት ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርደው ነጋዴ ገንዘቡን የሚያስጭነው በበቅሎ፣ የሚያስጠብቀው በጠመንጃ ነበር።

አሁን ወደ እማማ ቃል እንመለስ። ገበሬው ማርትሬዛን ከነጋዴው የሚቀበለው ሌላው ነጋዴ እንደሚቀበለው ስለሚያውቅ ነው። የአድዋው ነጋዴ የሚቀበለው የምጽዋው ስለሚቀበለው ነው፤ የምጽዋው የጅዳው ስለሚቀበለው፤ የጅዳውም ከትሪየስተ የሚመጣው መርከበኛ ስለሚቀበለው። ሁሉም ከጀርባው ሁለተኛ ተቀባይ አለው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ፓውንድ ስተርሊንግ ይዞ መውጣት አልቻለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ ማስመጣት ነበረበት፤ ገሚሱም ለዚያው ዘመቻ ሲባል ቪየና ላይ ተመታ። የዓለምን ባሕር የምትገዛ አገር ለወታደሯ ገብስና ለበቅሎዋ ድርቆሽ ለመግዛት የሌላ አገር ንግሥት ገንዘብ መፈለግ ግድ ሆነባት። ምክንያቱም የላስታ ገበሬ ፓውንድን «እምቢ» ይላል።

፫

አፄ ምኒልክ ይህን አይተዋል። በስማቸው የታተመው ገንዘብ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተመቶ መጣ። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉ ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው አንበሳ። ዝርዝሩም አብሮ መጣ፤ አላድ የብር ግማሽ፣ ሩብ የብር ሩብ፣ ግርሽ የብር አንድ ሃያኛ። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር ተስተካከለ፤ 28.07 ግራም። ንጽሕናው ደግሞ 83.5 ከመቶ፤ ማለትም ከእሷ በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። አላዱ በትክክል ግማሹን፣ ሩቡ በትክክል ሩቡን ይመዝናል። ማጭበርበር የለበትም።

ታዲያ ምን ሆነ? አዲስ አበባና አካባቢው ተቀበለው። ራቅ ባለው አገር ግን ብዙው ሰው አመነታ፤ ማርትሬዛን ከገበያ ሳያስወጣ ቀረ። መንግሥት «የራሳችን ነው፣ የነጻነት ምልክት ነው» ቢል፣ ገበሬው «ነጋዴው ይወስደዋል ወይ?» ይላል። ነጋዴው «ጅዳ ይወስደዋል ወይ?» ይላል። ጅዳ አይወስደውም። ብሩ ሙሉ ነው፣ ንጉሡ በአድዋ ድል ያደረጉ ንጉሥ ናቸው፤ የጎደለው ሁለተኛ ተቀባይ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ አልደረሰም። ጣሊያን ኤርትራ ላይ በንጉሥ ኡምቤርቶ ስም ታለሮ አትማ ነበር። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ንጽሕናው 80 ከመቶ ብቻ ነው፤ ንጹሕ ብሩ 22.5 ግራም። ወደ 0.9 ግራም የሚጠጋ ጎድሎበታል። ሕዝቡ አልወደደውም። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርትሬዛን የምትመስል ሌላ ሴት ቀርጸው መጡ። እሷንም ሰው አልተቀበላትም። ዕንቁ መቁጠር የሚያውቅ ሰው በመልክ አይታለልም።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ቆይቶም ወረቀት ገንዘብ አወጣ። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ወረቀቱ ድንጋይ ላይ ቢጥሉት አይጮኽም፤ የሚጮኸውን ነው ሰው የሚፈልገው።

፬

አሁን የእማማን ሦስት ማርትሬዛ ገልብጡ። በንስሩ ዙሪያ 1780 የሚል ዓመት አለ። ገዢ ሆነ ሻጭ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ነው» ብሎ ሰማይ ይሰቅለዋል። ገዢው ያን ሰምቶ ይስቃል።

1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱ አልተለወጠም። ደንበኞቿ፣ እኛና ዓረቦች፣ ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አንቀበልም ስላልን ማተሚያ ቤቱ በዚያው ዓመት ማተሙን ቀጠለ። የተዝካሯ ዓመት ነው እንጂ የገንዘቡ ልደት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመቷል።

ይባስ ብሎ በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረከበ። ሮማ ላይ ማተም ጀመረ። ሊራ ይዞ ቢመጣ ሕዝቡ እምቢ እንደሚል ገብቶታልና ጦሩን በማርትሬዛ ለማንቀሳቀስ አሰበ። እንግሊዝ «ይህ ንግድ ለምን በጣሊያን እጅ ብቻ ይቅር» ብላ በ1936 ለንደን ላይ ማተም ጀመረች። ቀጥሎ ፓሪስና ብራስልስ፤ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይ፤ ከጦርነቱ በኋላ በርሚንግሃም። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደገና ቪየና። ሁሉም 1780 ነው የሚለው።

እንግዲህ የእማማ ማርትሬዛዎች ከመቅደላ በፊት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፋሺስት ለወረራ ያተመው ሊሆንም ይችላል። ይህን ለመለየት የንስሩን የጅራት ላባ፣ የጠርዙን ጌጥ፣ የዕንቁዎቹን አወጣጥ የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉ። አንዳንዶቹ የሕትመት ዓይነቶች ለሰብሳቢ ይወደዳሉ፤ የብዙዎቹ ዋጋ ግን ከያዙት ብር ብዙም አይርቅም። በዝተዋላ!

የምኒልክ ብር ግን እውነተኛ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ይነግራል። ፲፰፻፹፯ ከሆነ 1887 ነው፤ ፲፰፻፹፱ 1889፤ ፲፰፻፺፪ 1892፤ ፲፰፻፺፭ 1895። ከእነዚህ ውስጥ የ1887ቱ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ይበልጥ ይፈለጋል። በድምሩም የምኒልክ ብር ብዛት ከማርትሬዛ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አሮጌ የምትመስለው አዲስ ልትሆን ትችላለች፤ አዲስ የሚመስለው ግን በእርግጥ አሮጌ ነው። ያኔ ሁሉም የተቀበላት ዛሬ የምታወጣው በአብዛኛው የብረቷን ዋጋ ነው። ያኔ ብዙው እምቢ ያለው ደግሞ ዛሬ ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ምክንያቱም እምቢ ስለተባለ ጥቂት ብቻ ታትሟል፣ ከዚያም ብዙው ቀልጧል።

ታዲያ ያ ሰውዬ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ሲያፈስ ያጠፋው ነገር ይህ ነው፤ ታሪክን ወደ ግራም ለወጠው።

፭

ግራሙን ብንቀበልስ? የብር ዋጋ በዓለም ገበያ የሚነገረው በአሜሪካ ዶላር ለአንድ ትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የማርትሬዛ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ከአውንስ ሦስት አራተኛ ነው ማለት ይቻላል። የምኒልክ ብርም እንዲሁ። ስለዚህ ሒሳቡ እጅግ ቀላል ነው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ ጠይቅ፤ ለአራት አካፍል፤ በሦስት አባዛ። ከዚያ የዕለቱን ምንዛሪ አስላ። ገዢው የማቅለጫና የትርፍ ድርሻውን ይቀንሳል፤ እሱ ያለ ነው። መነሻውን የሚያውቅ ሰው ግን ምን ያህል እንደተቀነሰበት ያውቃል።

ዋጋው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በ1932 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይ አንድ አውንስ ብር ወደ 25 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር፤ ማርትሬዛ የያዘችው ብር 19 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ለእኛ የጋዜጣ ወሬ አልነበረም። ግብር የሚሰበሰበው በብር ነው፤ ጠመንጃና ጥይት የሚገዛው ግን በወርቅና በውጭ ገንዘብ ነው። ብር ሲረክስ ያው የግብር በቅሎ ያነሰ ጥይት ገዝታ ትመለሳለች። ይህም የሆነው የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ዘመን ነው። ማርትሬዛ ዋጋዋ የሚቆረጠው ከእኛ ርቆ መሆኑ ያን ጊዜ ተገለጠ፤ እኛ ዕንቁዋን እንቆጥራለን እንጂ ዋጋዋን የምንቆጥረው እኛ አልነበርንም።

በጥር 1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሀብታም ወንድማማቾች ብር ሲያከማቹ ዋጋው ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። በመጋቢት መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ተንኮታኮተ። በጥር የሸጠ ሰው ለአንዲት ማርትሬዛ ብር 37 ዶላር ያህል ያገኛል፤ በመጋቢት መጨረሻ የሸጠ 8 ያህል። ሳንቲሟ አንድ ናት፤ የተለወጠው ሁለት ወር ብቻ ነው።

ሽልንጓም የራሷ ታሪክ አላት። ከጣሊያን መባረር በኋላ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው መጡ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. መንግሥት የራሱን ገንዘብ አወጣ፤ አንድ የኢትዮጵያ ዶላር ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተመነ። ስለዚህ ግማሹ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ፣ «ሽልንግ» ተባለ፤ ስሙ እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ይህ ሃምሳ ሳንቲም ከአሜሪካ በብድር በመጣ ብር ፊላደልፊያ ላይ ተመታ። ክብደቱ 7 ግራም ገደማ ነው። መጀመሪያ ንጽሕናው 80 ከመቶ ነበር፤ በኋላ 70 ሆነ። በሁለቱም ላይ ያለው ዓመት ያው ፲፱፻፴፮ ስለሆነ በዓይን መለየቱ ያስቸግራል። ኋላ የመጣው ሃምሳ ሳንቲም ግን ብር የለውም፤ ሽልንግ ሁሉ ብር አይደለም።

፮

በአራተኛው ቀን እማማንና ቋጠሯቸውን ይዤ ሚዛን ያላቸው አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። «አባባ፣ አንድ በአንድ ይመዝኑልን» አልኳቸው። አንድ በአንድ መዘኑ። ማርትሬዛዎቹ 27.6፣ 27.8 እና ጆሮ የተበየደላት 29.1። ምኒልክ 27.9። ሽልንግ 6.8። ዘመን ትንሽ በልቷቸዋል።

ወረቀት አወጣን። የመጀመሪያዋ ንጹሕ ብሯ 23 ግራም፤ ሁለተኛዋ 23.2፤ ጆሮ ያላት ጆሮዋን ሳንቆጥር 23፤ ምኒልክ 23.3። ሽልንጓን እንዳንሳሳት በዝቅተኛው፣ በ70 ከመቶ፣ አሰላናት፤ 4.8። ድምሩ 97.3 ግራም ንጹሕ ብር። የመጀመሪያው ገዢ 119.2ን በ70 ከመቶ ሲያሰላ ያገኘው 83.4 ነው። ልዩነቱ ወደ 14 ግራም ነው፤ ከአንዲት ማርትሬዛ ብር ከግማሽ በላይ። ምንም አልሰረቀም፣ ሚዛኑም ትክክል ነበር። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያሳነሰው፤ ማንም የማይጠይቀውን ቁጥር።

«ይሄን ሁሉ በቃሉ ብቻ?» አሉ እማማ።

አንጥረኛው ሳቁ። «እመቤቴ፣ የጥንት ሰው ዕንቁ ቆጥሮ ነበር የሚሸጠው። የዛሬ ሰው ሚዛን አለ ብሎ መቁጠር ተወ።»

ካየሁትና ከሰማሁት ለአንባቢ የሚጠቅመውን ልጨምር። ሰው ከሙዳዩ ብር ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጠብ ነው፤ በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ መስታወት ያደርገዋል። ይህ ለምኒልክ ብር ትልቅ ጉዳት ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው የዘመን ጥቁረቱን፣ ያልተፋቀ ፊቱን ነው። ጆሮ የተበየደበትና የተበሳ ደግሞ ከብረቱ በላይ ብዙ አያወጣም። ሐሰተኛ ነው ብለው ቢጠራጠሩ በማግኔት ይሞክሩ፤ ብር አይሳብም፤ አለመሳቡ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ መዳብና ናስም አይሳቡምና። ከዚያ በሚሊ ሊትር በተሰመረ ቀጭን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሦስት ማርትሬዛ ቢከቱ ውሃው ከ8 ሚሊ ሊትር ትንሽ አለፍ ብሎ ከፍ ይላል። በክብደት ልክ ሆኖ ውሃውን ከዚያ አብልጦ ከፍ ካደረገ በሌላ ብረት የተሠራ ነው። ወደ ውጭ አገር ልኮ መሸጥ ለሚያስብም ሌላ ነገር አለ፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ለአንድ ሰው ብቻ አሳይቶ አለመሸጥ። አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ዋጋ የለም፤ የገዢው ፍላጎት ብቻ ነው ያለው። ማርትሬዛ በኢትዮጵያ መቶ ሃምሳ ዓመት የከበረችው ከእያንዳንዱ ተቀባይ ጀርባ ሌላ ተቀባይ ስለነበረ ነው። የምኒልክ ብር ሙሉ ሆኖ ሳለ የተንገዳገደው ያ ስላልነበረው ነው። ትልቁ መንግሥት ገበያ ላይ ያጣውን ነገር እማማም አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ቆመው አጡት። ኮልፌ ላይ ከሙዳይ ወጥቶ በግራም የሚቀልጥ ስንት የምኒልክ ብር እንዳለ ሳስብ፣ ታሪካችንን የምናጣው በጦርነትና በእሳት ብቻ ሳይሆን በ70 ከመቶም ጭምር ነው እላለሁ።

እማማ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ተጨማሪ ገዢዎች ጠየቁ። ወረቀቱን ነጠላቸው ውስጥ ይዘው ነው የሄዱት። ሦስተኛው ገዢ ወረቀቱን ሲያይ በ83 ከመቶ አሰላላቸው፤ ድርሻውን ቀንሶ። ጆሮ የሌላቸውን ሁለቱን ማርትሬዛና ሽልንጓን ሸጡ። ከዚያ ላይ ልጃቸው ትንሽ ጨምሮ ቆርቆሮው ሰኔ ሳይጋመስ ተለወጠ። ጆሮ ያላትን አልሸጡም፤ በሠርጋቸው ቀን በአንገታቸው ያሰሯት እሷ ናት፤ እሷን ማንም አይመዝናትም አሉ።

የምኒልክን ብር ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ፲፰፻፹፱ ነው። «ያኔ እናቴ ገበያ ወስዳው፣ ማርትሬዛ አምጪ እያሏት ነው የመለሱባት» አሉ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሳያጥቡት፣ ወደ ሙዳዩ መለሱት።

«እሱስ ይቆይ። እምቢ ያሉት ሲፈልጉት እናያለን።»